እንግዴ ልጅና አካባቢው፤ ምድርና ማኅበር በፅንስ ላይ ስላላቸው ኀይል

ስለ ልጅ መውለድ ልማድ የተጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከምጥ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በጎረቤቶቿ ተከብባ «ማርያም ማርያም» እንደሚባልላት፥ ልጁ ሲወለድ እልልታው እንደሚቀልጥ፥ ገንፎ እንደሚገነፋ፥ አራሲቱ በምን ሥርዐት እንደምትጠየቅ፥ በክርስቲያኑም ዘንድ ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና እንደሚነሡ በሚገባ ተመዝግቧል። ስለ እንግዴ ልጅም የሚነገረው ከወጣ በኋላ ማን እንደሚቀብረውና የት እንደሚቀበር ነው። ዳሩ ግን እንግዴ ልጅ ከማሕፀን በሚወጣበት ሰዓት ሥራውን የጨረሰ አካል ነው። የተሠራው ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ፥ እርግዝናው ገና ለጎረቤት ባልታወቀበት፥ አንዳንድ ጊዜም እናቲቱ ራስዋ ባልተረዳችው ጊዜ ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። የእናቲቱ አካባቢ፥ ማለት የምትተነፍሰው አየር፥ የምትነድፋት ትንኝ፥ የምትበላው እህል፥ የምትሸከመው ሸክም፥ ሰውም እርስዋን የሚያይበት ዐይን፥ በእንግዴ ልጅ ላይ ይሠራልን? የሚሠራ ከሆነስ፥ የማኅበሩ ልማድ እናቲቱን የሚጠብቅበት ጊዜና እንግዴ ልጁ ጥበቃ የሚያሻው ጊዜ ይገጥማሉን? ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ማስረጃ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎን»፥ ለሁለተኛው ግን «በአብዛኛው አይገጥሙም» የሚል መልስ የሚሰጥ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእንግዴ ልጅ ተፈጥሮና አሠራር

እንግዴ ልጅ ከእናቲቱ ሥጋ የሚበቅል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፅንስ በተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሕዋሳቱ በሁለት ወገን ይለያሉ፤ ከውስጥ ያሉት ሕፃኑን፥ ከውጭ ያሉት እንግዴ ልጁን ይሠራሉ። ስለዚህ እንግዴ ልጅ እንደ ሕፃኑ ሁሉ የዘሩን እኩሌታ ከአባቱ ያገኘ፥ የፅንሱ ወገን የሆነ አካል ነው። በአማርኛ ስሙ ውስጥ «ልጅ» የሚል ቃል መገኘቱ እንግዲህ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሌሎች ሕዝቦችም በየቋንቋቸው ወደዚህ ተጠግተዋል። በቡጋንዳ እንግዴ ልጅ የሕፃኑ መንታ ይባል ነበር፤ የንጉሡም እትብት «መንታ» ተብሎ በክብር ይጠበቅ ነበር። በጃዋ ደሴት የሕፃኑ ታናሽ ተብሎ በጥንቃቄ ይቀበራል። የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ደግሞ መሬትንና እንግዴ ልጅን በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ዘጠኝ ወር የሞላው እንግዴ ልጅ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል፥ ስፋቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ ውፍረቱም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንደ እንጎቻ የተነጠፈ ሥጋ ነው። በውስጡ እንደ ዛፍ ሥር የተሰራጩ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉ፤ የእነዚህ ገጽ ቢዘረጋ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእናቲቱ ደም ቅርንጫፎቹን ከውጭ ሲያጥባቸው፥ የፅንሱ ደም በውስጣቸው ይመላለሳል፤ ሁለቱ ደሞች ግን አይቀላቀሉም። በመካከላቸው ባለው ስስ ሽፋን በኩል ኦክሲጅንና ምግብ ወደ ፅንሱ ይገባል፤ ቆሻሻው ወደ እናቲቱ ይመለሳል። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን የሚፈሰው ደም በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ከዚህም በላይ እንግዴ ልጅ የእናቲቱን ሰውነት ለእርግዝናው የሚያዘጋጁ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ስለዚህ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ ሳንባው፥ አንጀቱና ኵላሊቱ እንግዴ ልጁ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን መሠረቱ አስቀድሞ በሚገባ ከተጣለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ወደ ማሕፀን ግድግዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ በዚያም ያሉትን ጠመዝማዛ የደም ቧንቧዎች ጡንቻቸውን አስለቅቀው ያሰፏቸዋል። እስከ 10ኛው ወይም እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ የቧንቧዎቹ አፍ በእነዚሁ ሕዋሳት ስለሚደፈን ፅንሱ የሚመገበው ማሕፀኑ ከሚያመነጨው ፈሳሽ ነው። ከዚያ በኋላ አፉ ይከፈትና የእናቲቱ ደም መፍሰስ ይጀምራል፤ የማስፋቱም ሥራ በእርግዝናው እኩሌታ ገደማ ይፈጸማል። ነገሩ ቦይ እንደ መቈፈር ነው። ቦዩ በጊዜው ጠቦ ከተቈፈረ፥ ኋላ ምንጩ ቢበዛ እርሻው ጠግቦ አይጠጣም። እንደዚሁም ቧንቧዎቹ ሳይሰፉ የቀሩ እንደ ሆነ፥ በኋለኞቹ ወራት የእናቲቱ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ሕፃኑ ይቀጭጫል፤ አንዳንድ ጊዜም እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ከማሕፀን ይላቀቃል። በሽታው የሚታየው በመጨረሻ ነው፤ ሥሩ ግን በመጀመሪያ ነው።

ግድግዳ ነው የተባለው እንዴት በር ሆኖ ተገኘ

በሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ብዙ ሐኪሞች እንግዴ ልጅ ፅንሱን ከውጭ ክፉ ነገር የሚከልል ግድግዳ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት በመጀመሪያ የነቀነቀው ኖርማን ግሬግ የተባለ የአውስትራሊያ የዐይን ሐኪም ነው። እርሱ በ1941 እንደ ገለጸው፥ በእርግዝና መጀመሪያ በሩቤላ፥ ማለት በጀርመን ኵፍኝ፥ ከታመሙ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ዐይናቸው በሞራ ተጋርዶ ይወለዱ ነበር። ለእናቲቱ ቀላል የነበረው ሕመም ለፅንሱ ከባድ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምስክር ታሊዶማይድ የተባለው መድኀኒት ነው። ይህ መድኀኒት ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን፥ ቀጥሎም በብዙ አገሮች ለእንቅልፍና ለማቅለሽለሽ ተሽጦ፥ በ1961 መጨረሻ በጀርመን ከገበያ እስኪነሣ ድረስ ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጐድሎ እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል። በዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ጊዜው ነው። ጕዳቱ የሚደርሰው ከፅንሰቱ በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ መድኀኒቱ የተወሰደ እንደ ሆነ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላረጋገጡም።

ሦስተኛው ምስክር ከጃፓን የመጣ ነው፤ ለልማድ ተመራማሪም ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለው። በሚናማታ ከተማ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲጥል ኖሮ፥ በ1956 ዓሣውን በሚበሉ ሰዎች ላይ የነርቭ በሽታ መነሣቱ ታወቀ። በዚያው ሰሞን እጅና እግራቸው የማይታዘዝላቸው፥ መናገርም የማይችሉ ሕፃናት ተወለዱ። እናቶቻቸው ግን ያልታመሙ ወይም በጥቂቱ ብቻ የታመሙ ስለ ነበሩ፥ መርዙ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፏል የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል ሐኪሞቹ ተቸገሩ። ነገሩ በይፋ የታመነው በ1962 ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ማሳዙሚ ሐራዳ ከብጤዎቹ ጋራ አዲስ ማስረጃ ፈለገ። በጃፓን ቤተ ሰብ የልጁን እትብት አድርቆ በትንሽ ሣጥን ማስቀመጥ የቈየ ልማድ ነው። ከሚናማታ ቤቶች የተሰበሰቡት የደረቁ እትብቶች ተመርምረው በ1975 በታተመ ጽሑፍ ሜርኩሪው በውስጣቸው መገኘቱ ታወቀ። ስለ ፍቅርና ስለ መታሰቢያ የተጠበቀው እትብት የፋብሪካው በደል መዝገብ ሆነ ማለት ነው። ሳይንስ ያላስቀመጠውን ልማድ አስቀምጦ ቈየው።

ከእነዚህ ሦስት ታሪኮች በኋላ እንግዴ ልጅ ግድግዳ መሆኑ ቀርቶ በር መሆኑ ታወቀ። በር ዘበኛ ይኖረዋል፤ አንዱን ያስገባል፥ አንዱን ይከለክላል። ዳሩ ግን ዘበኛው ራሱ የሚኖረው በእናቲቱ አካባቢ ስለ ሆነ፥ አካባቢው ሲከፋ ዘበኛው አብሮ ይደክማል።

ምድር፤ ደጋ፥ ቆላና የማዕድ ቤት ጭስ

ከምድር ጠባይ መጀመሪያ የሚመጣው ከፍታ ነው። ምድር ከፍ ባለ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ ከእናቲቱም ደም ጋራ ወደ እንግዴ ልጅ የሚደርሰው ኦክሲጅን ያንሳል። በ1957 ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከፍታ በሚያልፈው በኮሎራዶ ተራራማ አገር በሊድቪል አካባቢ የተወለዱ ሕፃናት ተመርምረው፥ በዝቅተኛ ስፍራ ከሚወለዱት ያነሰ ክብደት እንዳላቸው ተጽፏል። በ1997 የታተመ ሌላ የኮሎራዶ ጥናት ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሕፃኑ ክብደት በአማካይ 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ አስረድቷል። በእንዲህ ያለ ስፍራ እንግዴ ልጁ ችግሩን ለመቋቋም ይጥራል፤ በቅርንጫፎቹ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ሁለቱን ደሞች የሚለየው ሽፋንም ይሳሳል።

ይሁን እንጂ ከፍታ በሁሉ ሕዝብ ላይ እኩል አይፈርድም። በቲቤትና በአንዲስ ተራሮች ለብዙ ሺሕ ዓመታት የኖሩ ሕዝቦች፥ በቅርብ ዘመን ወደዚያ ከወጡት ይልቅ ከባድ ሕፃናት ይወልዳሉ። በአንዲስ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ወደ ማሕፀን የሚሄደው ደም የበለጠ መሆኑም ታውቋል። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፥ አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በስሜን ተራሮችም ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያርሱ ገበሬዎች አሉ። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ብጤዎቿ በስሜን በአምባራስ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፥ የደማቸው ሄሞግሎቢንና ደማቸው የሚይዘው የኦክሲጅን መጠን በዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ የማይለይ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ከአንዲስም ከቲቤትም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው። እንግዲህ የደጋ ሕፃን ሲቀጭጭ ሁሉን ነገር በከፍታው ማመካኘት አይገባም።

የቆላው ችግር ሌላ ነው። የወባ ተውሳክ የያዛቸው የእናቲቱ ቀይ የደም ሕዋሳት በእንግዴ ልጅ ቅርንጫፎች ላይ ይለጠፋሉ፤ በእናቲቱ ጣት ደም ውስጥ ተውሳኩ ባይታይ እንኳ በእንግዴ ልጅዋ ውስጥ ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል። ሚካል ፍሪድና ፓትሪክ ደፊ በ1996 እንደ ገለጹት፥ ሕዋሳቱ የሚለጠፉት በእንግዴ ልጅ ላይ ባለ በተለየ ንጥረ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ ወባን የለመደች ሴት እንኳ እንግዴ ልጅ በመጀመሪያ በተሸከመች ጊዜ ለአዲስ ጠላት ትጋለጣለች፤ ሰውነትዋ መከላከልን የሚማረው በሚቀጥሉት እርግዝናዎች ነው። ወባ ዘወትር በሌለበትና እንደ ወረርሽኝ አልፎ አልፎ በሚመጣበት አገር ግን ይህ ትምህርት ስለማይገኝ፥ ብዙ የወለደችውም ሴት እንደ በኵረኛዪቱ ትጐዳለች።

የኢትዮጵያ ወባ በብዙ ስፍራ የዚህ የሁለተኛው ዐይነት ነው። በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ተሰራጭቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። እዚህ ላይ ምድርና ማኅበር ይገናኛሉ። የደጋው ሰው ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርዶ ሲመለስ ተውሳኩን ይዞ ወደ ሚስቱ ቤት ሊገባ ይችላል። በ1984 ድርቅ ተነሥቶ እስከ 1986 ድረስ 600,000 ያህል ሰዎች በመንግሥት ትእዛዝ ከሰሜን ደጋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ በሠፈሩ ጊዜ፥ ወባን ከማያውቅ ምድር የመጡ ብዙ ሴቶች ወባ ባለበት ምድር ለማርገዝ ተገደዋል። የቆላው ትንኝ የተፈጥሮ ነው፤ ደገኛዪቱን ከትንኙ ጋራ ያገናኘው ግን የሰው ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው የቤት ውስጥ ጭስ ነው። በእንጨት፥ በኵበትና በከሰል በሚበስልበት ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ የኦክሲጅንን ስፍራ በደም ውስጥ ይይዛል፤ ከእናቲቱም ይልቅ በፅንሱ ደም ውስጥ ቀስ ብሎ ይከማቻል፥ ቀስ ብሎም ይወጣል። በ2019 የታተመ የቤልጅግ ጥናት ደግሞ በአየር ውስጥ ያለ ጥቃቅን የጥላሸት ብናኝ በእንግዴ ልጅ በፅንሱ ወገን በኩል ተገኝቶ መታየቱን አስረድቷል። እንጀራ ለመጋገር በምጣድ አጠገብ ረዥም ሰዓት የምትቀመጠው ሴት ናት፤ ነፍሰ ጡርም ብትሆን ሌላ ጋጋሪ ከሌለ ሥራው አይቀርላትም። ስለዚህ ጭሱ የምድር ነገር መስሎ ሲታይ፥ በማን ሳንባ እንደሚገባ የሚወስነው የቤቱ የሥራ ድልድል ነው።

ማኅበር፤ ምግብ፥ ድካምና ክብር

የምግብ ጕድለት በእንግዴ ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ ያሳየው የሆላንድ ራብ ነው። በ1944 መጨረሻ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚሄደውን ስንቅ ስለ አገደ፥ እስከ ግንቦት 1945 ድረስ የከተማው ሕዝብ የቀን ድርሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ራቡ መቼ እንደ ጀመረና መቼ እንደ ቆመ ስለሚታወቅ፥ የየሕፃኑን የእርግዝና ወር ከራቡ ጋራ ማነጻጸር ተችሏል። ራቡ በእርግዝናቸው መጨረሻ የደረሰባቸው ቀጭጨው ተወለዱ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረሰባቸው ግን ራቡ ካለፈ በኋላ ስላደጉ ክብደታቸው ደኅና ሆኖ ተወለዱ፤ እንግዴ ልጃቸውም ጕድለቱን ለመሙላት የተስፋፋ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህ ሕፃናት ደኅና ናቸው ተብለው ቢታለፉም፥ ከ50 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ የልብ በሽታ የበዛው በእነርሱ ላይ ነበር። ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነገር ዴቪድ ባርከር በ1990 በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ ከተወለዱ 449 ሰዎች መዝገብ አውጥቷል። በጐልማሳነት የደም ግፊታቸው ከሁሉ ከፍ ብሎ የተገኘው፥ ሲወለዱ ራሳቸው ትንሽ፥ እንግዴ ልጃቸው ግን ትልቅ የነበረው ናቸው።

ጾምም ከምግብ ጋራ ይታሰባል። በ2010 የታተመ ጥናት በሳውዲ ዐረቢያ በኡነይዛ ከተማ የተወለዱ ከ7,000 የሚበልጡ ሕፃናትን መዝገብ መርምሮ፥ የረመዳን ወር በእርግዝናቸው እኩሌታ ወይም መጨረሻ የዋለባቸው እንግዴ ልጃቸው ቀለል ያለ፥ የራሳቸው ክብደት ግን ያልቀነሰ መሆኑን ገልጿል። እንግዴ ልጁ አንሶ ሥራውን አላጐደለም፤ ማለት በቍጠባ ሠራ። በእስልምና ነፍሰ ጡር ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ እንድታስተላልፍ ተፈቅዶላታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ለደከመና ለታመመ ካህኑ ፈቃድ ይሰጣል፤ ቢሆንም ብዙ ነፍሰ ጡሮች በፈቃዱ ሳይጠቀሙ ይጾማሉ። ከጾሙ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን በየገጠሩ የሚሰማው ሌላ ምክር ነው፤ ይኸውም ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ገዝፎ ምጡ ይጠናል የሚለው ነው። ሐኪም ቤት በሌለበት አገር ይህ ምክር ከድንቍርና የመጣ አይደለም። ገዝፎ በማሕፀን አፍ የተቀረቀረ ልጅ እናቲቱን ይገድል ስለ ነበር፥ ሴቶች ከሁለት ሞት አንዱን ለማራቅ ያወጡት ብልኀት ነው። የመውለጃው ስፍራ ሲለወጥ ግን ምክሩ ምክንያቱን ያጣል፤ ጕዳቱ ብቻ ይቀራል።

ስለ ድካምና ስለ ጭንቀት ደግሞ እንግዴ ልጅ ኮርቲዞል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚሰብር ኤንዛይም አለው፤ በዚህም የእናቲቱ ጭንቀት በሙሉ ወደ ፅንሱ እንዳያልፍ ይከላከላል። የምግብ ጕድለት ይህን ዘበኛ እንደሚያደክመው በእንስሳት ላይ ታይቷል፤ በሰውም ዘንድ እጅግ በተጨነቁ እናቶች እንግዴ ልጅ ውስጥ ኤንዛይሙ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ተጽፏል። በባልዋ የምትደበደብ፥ ያለ ፈቃድዋ በልጅነት የተዳረች፥ ወይም እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ነፍሰ ጡር፥ የሚደርስባት ነገር በቆዳዋ ላይ ብቻ አይቀርም።

የክብር ማጣትስ ይህን ያህል ኀይል አለውን? በ1997 ሪቻርድ ዴቪድና ጄምስ ኮሊንስ በአሜሪካ በኢሊኖይ የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት አነጻጸሩ። በአሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች ልጆች አማካይ ክብደት 3,446 ግራም፥ በአፍሪካ ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱ ጥቍር እናቶች ልጆች 3,333 ግራም፥ በአሜሪካ የተወለዱ ጥቍር እናቶች ልጆች ግን 3,089 ግራም ነበር። ምክንያቱ ዘር ቢሆን ኖሮ፥ ከአፍሪካ የመጡት ከሁሉ ዝቅ ባሉ ነበር። በ2002 ደግሞ እነዚሁ ሊቃውንት እንዳሳዩት፥ ከውጭ አገር የመጡ ጥቍር ሴቶች በአሜሪካ የወለዷቸው ሴቶች ልጆች አድገው ሲወልዱ፥ የልጆቻቸው ክብደት ራሳቸው ሲወለዱ ከነበራቸው ያነሰ ሆኗል። በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ ደም አይለወጥም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። ይህ ነገር በአሜሪካ የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበሮችንም የሚመለከት ጕዳይ ነው።

ሁለት የቀን መቍጠሪያዎች

እስከዚህ የተነገረው ሲጠቃለል፥ እንግዴ ልጅ የራሱ የቀን መቍጠሪያ አለው። መሠረቱ በመጀመሪያው ወር ይጣላል፤ ቦዩ እስከ አምስተኛው ወር ይቈፈራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የተቈፈረውን መጠቀሚያ ነው። የማኅበሩ ልማድ የቀን መቍጠሪያ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። በብዙ የኢትዮጵያ ደጋ አገር ሴት የበኵር ልጅዋን ለመውለድ ወደ እናትዋ ቤት ትሄዳለች፤ የምትሄደው ግን ቀንዋ ሲቃረብ ነው። ከወለደች በኋላ አራስ ስለ ሆነች ሥራ አይነካትም፤ ቅቤው፥ ገንፎው፥ አጥሚቱ ይቀርብላታል። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ በነበሩበት ዘመን ወላዲቱ ከመንደሩ በተለየ ጎጆ ወንድ ከወለደች 40፥ ሴት ከወለደች 80 ቀን ትቈይ ነበር። የዚህ ሥርዐት ምክንያቱ የንጽሕና ሕግ ቢሆንም፥ ከውኃ መቅዳትና ከመፍጨት የሚያሳርፍ ዕረፍት በውስጡ ነበረበት። ይህም ሁሉ ከወሊድ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራትስ? በእነዚያ ወራት እርግዝና የሚሰወር ነገር ነው። የሰው ዐይን እንዳይነካው፥ ቢጨነግፍም መነጋገሪያ እንዳይሆን ሴቲቱ ዝም ትላለች። የተሰወረውን ሰው ሊረዳው አይችልምና፥ ውኃው፥ እንጨቱ፥ ወፍጮው እንደ ወትሮው ይቀጥላል። እንዲያውም ነፍሰ ጡር በሥራ ካልተንቀሳቀሰች ምጧ ይጠናል ይባላል። የበኵረኛዪቱ ነገር ከሁሉ የባሰ ነው። ወባ በእንግዴ ልጅ ላይ የሚከፋው፥ የማሕፀን የደም ቧንቧዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰፉት በእርስዋ ላይ ሆኖ ሳለ፥ በአማቷ ቤት አዲስ ሙሽራ ስለ ሆነች ለመናገር ከሁሉ የምታፍረው እርስዋ ናት።

ከዚህ ሥርዐት ተለይቶ ወደ መጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርስ አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም አምሮት ነው። ነፍሰ ጡር ያማራትን መከልከል ነውር ነው። እርግዝናዋን በአፍዋ ባትናገር እንኳ «አማረኝ» ማለትዋ ለባልዋና ለጎረቤትዋ ምልክት ይሆናል፤ የተጠየቀም ሰው ያለውን ያካፍላል። ስለ አምሮት የተነገረው ብዙውን ጊዜ እንደ ጨዋታ ይቈጠራል፤ ነገር ግን ማኅበሩ በትክክለኛው ጊዜ ለነፍሰ ጡር ምግብ የሚሰጥበት በር ይህ ልማድ ነው።

አዲሱ ዘመን ያመጣው ጥበቃም ቢሆን በአብዛኛው የአሮጌውን ልማድ የቀን መቍጠሪያ ይከተላል። በኢትዮጵያ በተደረጉት የሕዝብና የጤና ቈጠራ ጥናቶች መሠረት፥ በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ ሴቶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። በገጠር የተሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ሩቅ የሚኖሩትን ከምጣቸው አስቀድሞ ያስጠጋሉ። ይህ ብዙ ሕይወት ያዳነ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በ2016 ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለእርግዝና ምርመራ የሄዱት ከአምስት ሴቶች አንዲቱ ብቻ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ለምርመራ የሚሆን ፈቃድ ከነደመወዙ ቢጨመርበትም፥ ዕረፍቱ የወደቀው እንደ ልማዱ ሁሉ በመጨረሻው ላይ ነው። የገበሬዪቱ ሚስት ደግሞ አሠሪም አዋጅም የላትም።

ከዚህ የሚገኝ ትምህርት

ሐኪም እንግዴ ልጅን ሲመረምር ጠባሳውን፥ የደም መርጋቱን፥ የወባውን ርዝራዥ ያገኛል፤ ነገር ግን ሴቲቱ በሦስተኛው ወርዋ ስንት ጊዜ ወደ ወንዝ እንደ ወረደች፥ ለማን ለመናገር እንደ ፈራች ከሥጋው ላይ ሊያነብ አይችልም። ይህን የሚያውቀው የልማድ ተመራማሪ ነው። እስከ አሁን የልማድ ተመራማሪው ከምጥ ሲጀምር፥ ሐኪሙ ከእንግዴ ልጁ መውጣት ሲጀምር፥ ሁለቱም የጠፋውን ነገር ከጠፋ በኋላ ሲፈልጉ ኖረዋል። ጥያቄው ወደ ኋላ መመለስ አለበት፦ ሴት ማርገዝዋን መጀመሪያ የምትነግረው ለማን ነው? በየአገሩ ስንተኛው ወር ላይ ነው? ከተናገረች በኋላ የሚቀነስላት ሥራ የትኛው ነው? ማንስ ይሠራላታል? አምሮትዋን የሚሰማ ሰው ከሌላት፥ ለምሳሌ በከተማ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ብቻዋን የምትኖር ከሆነች፥ የአምሮቱን ስፍራ ምን ይተካዋል?

እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ መድኀኒቱ ከባዕድ አገር ብቻ የሚመጣ አይሆንም። አራስን ከሥራ የሚያሳርፍ ማኅበር ማሳረፍን ያውቃል ማለት ነው፤ ለአምሮት የሚሰጥ ጎረቤትም መስጠትን ያውቃል። የጐደለው ጊዜው ነው። ከወሊድ በኋላ ለ40 ቀን የሚሰጠው እንክብካቤ ጥቂቱ እንኳ ወደ መጀመሪያው 40 ቀን ቢሻገር፥ እንግዴ ልጁ በሚሠራበት ጊዜ ይደርሳል። ለዚህ ግን አስቀድሞ ያስፈለገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ነፍሰ ጡር ሳትፈራ ቶሎ የምትናገርበት ቤት ነው።